ለ5.1 ስፒከር የትኛውን ሳውንድ ካርድ ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ የአክስት ልጅ፣ ሁሉም ስፒከር በገዛ ማግስት ይደውልልኛል። «ሳውንድ ካርድ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» ይላል። እኔም ሁሌ የምመልሰው በጥያቄ ነው። «መጀመሪያ ሰብዉፈሩን አዙረህ ከኋላው ምን ዓይነት ቀዳዳ እንዳለው ንገረኝ።» አንዳንዱ ይናደዳል፤ ገንዘቡን ይዞ መርካቶ ደርሷላ! ግን መልሱ ያለው እዚያ ነው። ካርዱን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ድምፅ ለስፒከር የሚያወጣውን ዕቃ፣ የሚመርጥላችሁ ሻጩም እኔም ሳንሆን የስፒከራችሁ ጀርባ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምንም መግዛት እንደማያስፈልጋችሁ የሚነግራችሁ እሱው ነው። በስልክ መደጋገም ስለሰለቸኝ ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

5.1 ምን ማለት ነው? ለምንስ ሦስት ገመድ አለው?

አምስቱ ተራ ስፒከሮች ናቸው። ከፊት ግራና ቀኝ፣ መሃል ላይ አንድ፣ ከኋላ ግራና ቀኝ። ነጥብ አንዱ ሰብዉፈሩ ነው፤ ብዙ ሰው «ቤዙ» የሚለው። በድምሩ ስድስት የተለያየ ድምፅ፣ በቋንቋው ስድስት ቻናል ማለት ነው። ያ የለመድነው የጆሮ ማዳመጫ ጃክ፣ 3.5 ሚሊሜትሩ፣ የሚሸከመው ሁለት ቻናል ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ። ስለዚህ ስድስቱን ለማድረስ ሦስት ጃክ ያስፈልጋል። ነገሩ ይኸው ነው።

አረንጓዴው የፊቶቹ ነው። ጥቁሩ የኋላዎቹ። ብርቱካናማው የመሃሉና የሰብዉፈሩ። 7.1 ከሆነ ለጎን ስፒከሮች ግራጫ ይጨመራል። ኮምፒውተሩ ላይ የምታዩት ሮዝ የማይክ ሲሆን ውሃ ሰማያዊው ደግሞ ከውጭ ድምፅ ማስገቢያ ነው። አብዛኞቹ ቀለሞች የተለመዱት ማይክሮሶፍትና ኢንቴል «ፒሲ 99» ብለው ባወጡት መመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎ ዛሬም ያው ነው። በኮምፒውተር ዓለም እንዲህ የሚቆይ ነገር ብዙ የለም።

ሰብዉፈሩን አዞርኩት። አሁን ምን ልይ?

ሦስት ባለቀለም የጃክ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ወይም ከጀርባው ሦስት ባለቀለም ጃክ ያለው ገመድ የወጣለት ከሆነ፣ ስፒከራችሁ አናሎግ ነው። የሎጂቴክ ዚ506 እንደዚህ ነው። የሚፈልገው ሦስት የድምፅ መውጫ ያለው ኮምፒውተር ወይም ካርድ ብቻ ነው።

ስድስት ክብ ቀዳዳ፣ ያ የድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ቀይና ነጭ ዓይነት፣ ካያችሁ እሱም አናሎግ ነው። በአንድ ጫፉ ትንሹ ጃክ፣ በሌላው ቀይና ነጭ ያለው ገመድ ሦስት ትገዙና ልክ እንደ መጀመሪያው ትጠቀሙበታላችሁ።

ትንሽ በር የመሰለች ክዳን ያላት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ካለች ደግሞ ኦፕቲካል ነው። በብርሃን ነው የሚሠራው። ስለሱ ለብቻው ታች እመጣበታለሁ።

የሚያናድደው አራተኛው ዓይነት ነው። ገበያው ላይ ሞልቷል። አምስት ስፒከር፣ አንድ ትልቅ ሰብዉፈር፣ ብሉቱዝ፣ የፍላሽ ማስገቢያ፣ ሬዲዮ፣ የሚብለጨለጭ መብራት ሳይቀር አለው። ከኋላ ስታዩት ግን ከኮምፒውተር የሚቀበልበት አንድ ጃክ ወይም አንድ ቀይና ነጭ ብቻ ነው። ይህ ስፒከር ሁለት ቻናል ተቀብሎ ለአምስቱም የሚያካፍል ነው። ዓለም ላይ ያለውን ውድ ካርድ ብትገዙለት ከኋላ የተለየ ድምፅ አይወጣለትም። መጥፎ ዕቃ ነው አልልም፤ ለዘፈን ቤቱን ያደምቃል። ለሱ ብላችሁ ሳውንድ ካርድ ከገዛችሁ ግን ገንዘባችሁን በተናችሁ።

ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ድምፅ አይበቃኝም?

ዴስክቶፕ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ የተበየደ የድምፅ ቺፕ አለ፤ ብዙውን ጊዜ የሪልቴክ ነው። እነ ኤኤልሲ662፣ ኤኤልሲ892፣ ኤኤልሲ897 የሚባሉት በሙሉ 5.1 ማውጣት ይችላሉ።

ከኋላ አምስት የድምፅ ቀዳዳ ካለ ቀለም ከቀለም አገናኙ፣ አለቀ። ሦስት ብቻ ከሆኑ፣ አረንጓዴ፣ ሮዝና ውሃ ሰማያዊ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። «የማይክ ቀዳዳ ነውኮ!» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ቺፑ ሲታዘዝ ሥራውን ይቀይራል። ውሃ ሰማያዊው የኋላ ስፒከሮች መውጫ ይሆናል፤ ሮዙ የመሃሉና የሰብዉፈሩ።

ጎረቤቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ ሦስቱን ገመድ ሰክቶ ሁለት የፊት ስፒከር ብቻ ስለጮኸለት ስፒከሩን ሊመልስ ካርቶን ውስጥ መልሶት ነበር። አወጣነው። ዊንዶውስ ራሱ የጫነለትን ድራይቨር፣ ቺፑን የሚያዘውን ሶፍትዌር፣ ትተን ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ ትክክለኛውን የሪልቴክ ድራይቨር አውርደን ጫንን። ሮዙን ነቅለን ስንሰካው ስክሪኑ ላይ ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፤ «ምን ሰካህ?» ትላለች። ከዝርዝሩ የመሃልና የሰብዉፈር የሚለውን መረጥን። ሰማያዊውን ደግሞ የኋላ አልነው። ከኋላ ሶፋው አጠገብ ያለው ስፒከር ድንገት ሲናገር እናቱ ደንግጠው ዞሩ። ለካርድ የተመደበው ገንዘብ ኪስ ውስጥ ቀረ።

አንድ ነገር ግን ታጣላችሁ፤ የኋላውን ማይክ። ስብሰባ የምታደርጉ ከሆነ ኬዙ ፊት ላይ ባለው ቀዳዳ ተጠቀሙ።

ታዲያ ሳውንድ ካርድ የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ለሦስት ሰው። ላፕቶፕ ለያዘ፣ ምክንያቱም ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ለጆሮ ማዳመጫና ለማይክ በጋራ የሚያገለግል አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖችን ለገዛ፣ እነዚያ ትንንሽ የዴልና የኤችፒ ኬዞች ማለቴ ነው። የተሠሩት ለቢሮ ስለሆነ ብዙዎቹ ከኋላ አንድ ወይም ሁለት የድምፅ ቀዳዳ ብቻ አላቸው። ሦስተኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ድምፅ የተበላሸበት፣ ወይም ማውስ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ስፒከሩ «ጭጭጭ» የሚልበት ሰው ነው።

ከነዚህ ካልሆናችሁ ገጹን ዘግታችሁ ፊልማችሁን እዩ።

ውስጥ የሚገጠም ይሻላል ወይስ ዩኤስቢ?

ለላፕቶፕ ምርጫ የለም፤ ዩኤስቢ ነው። ለዴስክቶፕ ሁለቱም ይሆናሉ። እኔ ኬዙ ውስጥ ቦታ ካለ ውስጥ የሚገጠመውን እመርጣለሁ። ጠረጴዛ ላይ አንድ ዕቃ ይቀንሳል፤ ልጅም አይነቅለውም። ዩኤስቢው ደግሞ ነገ ኮምፒውተር ብትቀይሩ አብሯችሁ ይሄዳል።

ውስጥ የሚገጠም ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ከፍታችሁ ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛው የማስገቢያው ዓይነት ነው። ዛሬ የሚሸጡት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ናቸው፤ ትንሿን አጭር ማስገቢያ ነው የሚጠቀሙት። አጭሯ ከተያዘች ረጅሙ ውስጥም ይገባል፣ ምንም አይሆንም። የድሮዎቹ ካርዶች ግን የድሮውን ፒሲአይ ነው የሚፈልጉት፤ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ እሱ ቀርቷል። ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ አጠገቡ ያለችውን ማስገቢያ ሸፍኗት ሊሆን ይችላል። ይህን በዓይን ማየት ነው እንጂ በስልክ የሚመለስ አይደለም።

ሁለተኛው ቁመት ነው። ቅድም ያልኳቸው ትንንሽ የቢሮ ኬዞች ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይቀበሉም። ካርዱ ራሱ ዝቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ ያለው ብረትም አጭር መሆን አለበት። አንዳንድ ካርዶች ከካርቶኑ ውስጥ ተጨማሪ አጭር ብረት ይዘው ይመጣሉ፤ በሁለት ብሎን ይቀየራል። ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ያቺ አጭር ብረት ጠፍታ ነው የምትገኘው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሌ ግን እንደዚያ ነው።

ስም ጥራልኝ። የትኛውን ልግዛ?

ከውስጥ ለሚገጠም የክሪኤቲቭ ሳውንድ ብላስተር ኦዲጂ ኤፍኤክስ እና የኤሰስ ዞናር ኤስኢ። ሁለቱም 5.1 ናቸው፤ ሁለቱም ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ለትንሹ ኬዝ ይሆናሉ፤ ሁለቱም ከየአምራቾቻቸው ርካሽ ጎን ያሉ ናቸው። ለሦስት ገመድ ስፒከር ከዚህ በላይ መውጣት አያስፈልግም። ስፒከራችሁ 7.1 ከሆነ ኦዲጂ አርኤክስን ፈልጉ። ሳውንድ ብላስተር ዚ ያገለገለ ካጋጠማችሁ ጥሩ ካርድ ነው። እነ ኤኢ-5፣ ኤኢ-7፣ ኤኢ-9 በጣም ጥሩ ናቸው፤ ግን ዋጋቸው የሚያወጣው ትልቅ ጆሮ ማዳመጫ ላለው ሰው ነው። ለዚ506 ኤኢ-9 መግዛት ለባጃጅ የመርሴዲስ ጎማ እንደመግጠም ነው።

ለዩኤስቢ የክሪኤቲቭ ኦምኒ ሰራውንድ 5.1፣ ከሱ በፊት የነበረው ኤክስፋይ ሰራውንድ 5.1 ፕሮ፣ ከኤሰስ በኩል ዞናር ዩ7። የድምፅ መውጫዎቻቸው እውነተኛ ናቸው።

አንድ ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሳውንድ ብላስተር ጂ6። ካርቶኑ ላይ 7.1 ይላል፤ ጥሩ ዕቃም ነው። ግን ለጆሮ ማዳመጫ የተሠራ ነው። ሦስቱን ገመድ የምትሰኩበት ቦታ የለውም።

ዋጋ ስላልጻፍኩ አትቀየሙኝ። ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ውሸት ይሆንብኛል።

«7.1» የሚል ትንሽዬ ዩኤስቢ በርካሽ አየሁ። እሱስ?

ይህን እኔም ገዝቼዋለሁ። የአውራ ጣት ያህላል። ላዩ ላይ በትልቁ 7.1 ተጽፎበታል፤ ጎኑ ላይ የድምፅ መጨመሪያ ቁልፎች አሉት። ሻጩ «ሰባቱንም ያወጣል» ብሎ ማለልኝ። ቤት ሄጄ ስሰካው ሁለት ቀዳዳ ብቻ አላት። አንዷ ለጆሮ ማዳመጫ፣ አንዷ ለማይክ። ሦስቱን ገመዴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። በማግስቱ ስመለስ «ሶፍትዌሩን ጫን» አለኝ። ጫንኩት። ስክሪኑ ላይ ሰባት ስፒከር ክብ ሠርተው ተደርድረዋል፣ መሃላቸው የሰው ጭንቅላት አለ፣ ያምራል። ከኋላ ስፒከሬ ግን ትንፍሽ የለም።

እነዚህ ስምንት ቻናል፣ ሰባቱንና ሰብዉፈሩን፣ ተቀብለው ለጆሮ ማዳመጫ ወደ ሁለት የሚጨፈልቁ ናቸው። ለጆሮ ዙሪያውን የሆነ ያስመስላሉ። ለስፒከር ምንም አይፈይዱም።

ስለዚህ ካርቶኑን አታንብቡ፣ ቀዳዳ ቁጠሩ። ለ5.1 ሦስት የድምፅ መውጫ፣ ከማይክ ውጭ ማለቴ ነው፣ ወይም አንድ ኦፕቲካል መኖር አለበት። ዙሪያውን ቀዳዳ የሞላበት ሳጥን የሚመስል ርካሽ ዩኤስቢም አለ። ውስጡ ሲኤም6206 የሚባል ቺፕ ያለበት ከሆነ እሱ እውነተኛ ነው። የድምፅ ጥራቱ እንደ ዋጋው ነው፤ ስድስቱን ቻናል ግን ለየብቻ ያወጣል።

አንዱን ቀዳዳ በመከፋፈያ ገመድ ለሦስት ብከፍለውስ?

ከሁሉም ድምፅ ይወጣል። ግን ያው አንድ ድምፅ ሦስት ቦታ ነው። ከኋላ የሚመጣ መኪና ከፊትም ከኋላም እኩል ይመጣል። በዚህ ተደስቶ የሚኖር ሰው አውቃለሁ፤ አልነገርኩትም።

ኦፕቲካል ያለው ስፒከር አለኝ። እሱን ልጠቀም?

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ዲጂታል ነው፣ ስለዚህ ይበልጣል» ብሎ ያስባል። ኦፕቲካል ሳይጨመቅ ማሳለፍ የሚችለው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። 5.1 እንዲያልፍበት ዶልቢ ዲጂታል ወይም ዲቲኤስ በሚባለው መንገድ መጨመቅ አለበት፤ ስፒከሩም መልሶ የሚፈታበት ዲኮደር ሊኖረው ይገባል። የሎጂቴክ ዚ906 አለው።

ፊልም ከሆነ ብዙ ጊዜ ድምፁ ከመጀመሪያውም በዶልቢ ዲጂታል ወይም በዲቲኤስ ነው የተቀመጠው፤ ማጫወቻው ሳይነካው እንዲያሳልፈው ካዘዛችሁት ቀጥታ ይሄዳል። ጌም ግን እንደዚያ አይደለም። ጌሙ ድምፁን እዚያው በዚያው ነው የሚፈጥረው፣ የተጨመቀ አይደለም። ስለዚህ ካርዱ እየጨመቀ መላክ አለበት። ይህን የሚሠራው ዶልቢ ዲጂታል ላይቭ ወይም ዲቲኤስ ኮኔክት የሚባል ነገር ነው። ሁሉም ካርድ የለውም፤ ማዘርቦርድ ላይ ያለው ሪልቴክም አምራቹ ካልፈቀደለት የለውም። ከሌለ ጌሙ በሁለት ቻናል ይቀራል።

የኔ ምክር? ዚ906 ከኋላው ሦስቱም የአናሎግ ቀዳዳ አለው። እነሱን ሰኩ። ፊልሙም ጌሙም ያለ ምንም ጣጣ በስድስት ቻናል ይሠራል። ኦፕቲካሉን የምፈልገው ስፒከሩ የሚያስጠላ የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ ካለው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በብርሃን ስለሚሄድ ጉርምርምታውን ይዞ አያልፍም።

ቤቴ ሪሲቨር አለ፤ የዲሹ ሳይሆን ስፒከሮች የሚሰኩበት አምፕሊፋየር። በኤችዲኤምአይ ባገናኘውስ?

ከሁሉም የተሻለ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ከምስሉ ጋር እስከ ስምንት ቻናል ያልተጨመቀ ድምፅ ይልካል። ሳውንድ ካርድ የሚባል ነገር እርሱት።

ሳውንድ ካርድ ጌም ያፈጥናል?

ድሮ አዎ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሳውንድ ብላስተር ላይቭ ሲወጣ፣ በኋላም እነ ኦዲጂና ኤክስፋይ ሲመጡ የጌምን ድምፅ ካርዱ ራሱ ያሰላ ነበር። ዋሻ ውስጥ ስትገቡ የሚያስተጋባው፣ ከግድግዳ ጀርባ የሚታፈነው፣ ያ ሁሉ የካርዱ ሥራ ነበር፤ ፕሮሰሰሩም እፎይ ይላል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ገበያ ላይ ወጣ። ማይክሮሶፍት ያንን መንገድ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ጌሞች ድምፁን በፕሮሰሰሩ ነው የሚያሰሉት፤ የዛሬ ፕሮሰሰር ደግሞ ለዚህ ጉልበት አያንሰውም። ዛሬ ካርድ የምትገዙት ለመውጫው ብዛትና ለድምፁ ንጽህና ነው። «ጌም ያፈጥናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ከቪስታ በፊት ተኝቶ ገና መንቃቱ ነው።

ካርቶኑ ላይ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ፣ 116 ዴሲቤል ይላል። ይህን ልከተል?

አትከተሉ። አብዛኛው ፊልም ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ ነው። 16 ቢት ብቻውን ከጸጥታ እስከ ጩኸት 96 ዴሲቤል ያህል ልዩነት ይሸከማል፤ ውጭ ውሻ በሚጮህበት ቤት ውስጥ ከዚያ በላይ ምን ትሰማላችሁ? መካከለኛ ዋጋ ያለው የኮምፒውተር ስፒከር የራሱ «ሽሽሽ» ከካርዱ ይበልጣል።

ሁሉንም ሰካሁ። ሁለቱ ብቻ ይጮሃሉ። ተበላሸ?

አልተበላሸም። በቅደም ተከተል እንሂድ።

ዊንዶውስ ላይ ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የድምፅ ምልክት በቀኝ ተጫኑና የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ። ከዚያ የድሮውን መስኮት፣ ፕሌይባክ የሚለው ዝርዝር ያለበትን፣ ክፈቱ። ካርዳችሁን ምረጡና ኮንፊገር የሚለውን ተጫኑ። 5.1 ምረጡ። እዚያው ቴስት የሚል አለ። ስትጫኑት እያንዳንዱ ስፒከር በየተራው ይጮሃል። ስድስቱም ከጮሁ ገመዱም ካርዱም ደህና ነው፤ ከዚህ በኋላ ጥፋቱ የምታጫውቱት ነገር ላይ ነው።

እና አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው! ዘፈናችሁ ሁለት ቻናል ነው። ኤምፒ3 በሙሉ፣ ሲዲውም እንደዚያው። ኮምፒውተር ላይ የምታዩት የዩቲዩብ ቪዲዮም በአብዛኛው ሁለት ቻናል ነው። በፍላሽ ተቀባብለን የምናያቸው ፊልሞች ደግሞ ፋይሉ ትንሽ እንዲሆን ተጨምቀው ተጨምቀው ድምፃቸው ወደ ስቴሪዮ የወረደ ብዙ ናቸው። ፊልሙ ሲሠራ በ5.1 ነበር፤ እናንተ እጅ ሲደርስ ሁለት ቀርቶታል። ማረጋገጥ ቀላል ነው። በቪኤልሲ ክፈቱትና ቱልስ ከሚለው ውስጥ የኮዴክ መረጃ የሚለውን ተጫኑ። ኦዲዮ በሚለው ሥር ቻናል የሚል መስመር አለ። ስቴሪዮ ካለ የስፒከሩን ስም አታጥፉ።

ስቴሪዮውን ለአምስቱም የሚያካፍል ምርጫ በሪልቴክም በክሪኤቲቭም ሶፍትዌር ውስጥ አለ። ለፊልም ደህና ነው። ለዘፈን እኔ አጠፋዋለሁ። ቴዎድሮስ ታደሰ ከጀርባዬ ሲዘፍንልኝ አልወድም፤ ከፊቴ ይቁም።

የሰው ንግግር ከሰብዉፈሩ ይወጣል!

ይህ በጣም የሚያስቅ ችግር ነው። አጎቴ ቤት ፊልም ከፍተን ተዋናዩ ሲናገር ድምፁ ከጠረጴዛ ሥር፣ ከጋን ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ፍንዳታው ደግሞ ከመሃሏ ትንሽ ስፒከር «ጠሽ» ይላል። አጎቴ «ይሄ ሰውዬ ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ?» አሉ።

ብርቱካናማው ጃክ ሁለት ቻናል ይይዛል ብለናል፤ መሃሉንና ሰብዉፈሩን። አንዳንድ ስፒከር አምራቾች የሁለቱን ቦታ ገልብጠው ነው የሚሠሩት። መፍትሔው አንድ ምልክት ነው። የሪልቴክ ሶፍትዌር ውስጥ የስፒከር ገጽ ላይ መሃሉንና ሰብዉፈሩን አቀያይር የሚል ምርጫ አለ፤ ምልክት አድርጉበት። ሰውየው ከጉድጓዱ ይወጣል።

ሙዚቃው ይሰማል፣ ንግግሩ ግን ጠፍቷል።

የፊልም ንግግር የሚመጣው ከመሃል ስፒከር ነው። ወይ ብርቱካናማው ጃክ አልተሰካም፣ ወይ ሁለት ስፒከር ብቻ ሰክታችሁ ዊንዶውስ ላይ 5.1 ብላችኋል። ኮምፒውተሩ ንግግሩን ወደሌለ ስፒከር እየላከ ነው። ወደ ስቴሪዮ መልሱት።

ስፒከሩ ሁልጊዜ «ኧምምም» ይላል።

ካርድ ቀይራችሁ ላይጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። ብዙ ቤቶች ውስጥ የሶኬቱ ግራውንድ ለስም ነው ያለው። የኮምፒውተሩን ኬዝ በባዶ እግር ስትነኩት ነዘር ካደረጋችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ኮምፒውተሩና ስፒከሩ ከተለያየ ሶኬት ሲሰኩ በድምፅ ገመዱ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞርና ያጉረመርማል።

መጀመሪያ ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉና አዳምጡ፤ ጉርምርምታው ከቆመ ጥፋቱ የቻርጀሩ መስመር ነው። ካልሆነ የግራውንድ መለያ የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፣ በድምፅ ገመዱ መሃል ትገባለች፤ ለ5.1 ሦስት ያስፈልጋሉ። አደራ፣ «የግራውንዱን እግር ቁረጠው» የሚሏችሁን አትስሙ። ጉርምርምታው ሊጠፋ ይችላል፤ ኬዙ ግን ያኔ ሰው ይይዛል። ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ግራውንዱን ማስተካከል ይሻላል።

ወንድሜ ከአሜሪካ ስፒከር ሊልክልኝ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ቮልቴጁን! ካርዱን ያለ ሐሳብ ይላክ፤ ኃይል የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ስለሆነ የትም አገር ይሠራል። ስፒከሩ ግን ቀጥታ ሶኬት ላይ ነው የሚሰካው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፤ እኛ 220። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ስፒከር እዚህ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ አድርጎ የሰካ ዘመድ አለኝ። አንድ «ጧ» የሚል ድምፅ፣ ትንሽ ጭስ፣ በቃ። ሻንጣ ውስጥ ስንት ኪሎ ይዞ የመጣው ሰብዉፈር ዛሬ የአበባ ማስቀመጫ ነው።

ወንድማችሁ ከመግዛቱ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። 100-240 ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ወይ ይተወው፣ ወይ እናንተ እዚህ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ፤ ዋቱ ከስፒከሩ በላይ የሆነ። ከዱባይ የሚመጣ ከሆነ ቮልቴጁ ይስማማል፣ ሶኬቱ ብቻ ነው ሦስት ጠፍጣፋ እግር የሚሆነው።

ያገለገለ ካርድ ልግዛ?

ለምን አትገዙም፤ ሳውንድ ካርድ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ብዙም የለም። ግን ሁለት ነገር። እነዚያ የድሮ ላይቭና ኦዲጂ 2 ካርዶች በርካሽ ሲቀርቡላችሁ አትጓጉ። የድሮ ፒሲአይ ናቸው፤ ቢገባላችሁ እንኳ ለዊንዶውስ 10 እና 11 ድራይቨር ማግኘት መከራ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳትሞክሩ አትክፈሉ። የጆሮ ማዳመጫችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ኮምፒውተር ላይ አስገጥማችሁ 5.1 ምረጡ፣ ቴስቱን ተጫኑ፣ ከዚያ ማዳመጫውን ሦስቱም ቀዳዳ ውስጥ በየተራ እየሰካችሁ ግራም ቀኝም መስማታችሁን አረጋግጡ። አንዱ ቀዳዳ ሞቶ የተሸጠ ካርድ አይቻለሁ። ሰብዉፈሩ ቻናል ላይ ቴስቱ ለማዳመጫ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው የሚሰማው፤ የሞተ እንዳይመስላችሁ።

ስፒከሮቹን የት ላስቀምጥ?

መሃሉ ፊት ለፊታችሁ። የፊት ሁለቱ ከመሃሉ ወደ ግራና ቀኝ 30 ዲግሪ ያህል። የኋላዎቹ 110 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ከጆሯችሁ ትንሽ ወደ ኋላ እንጂ ማጅራታችሁ ላይ አይደለም። ሰብዉፈሩን ጥግ ካስገባችሁት ድምፁ ይወፍራል፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የታች ቤት ሰዎችን አስቡ።

ስፒከሬ 2.1 ነው። 5.1 ካርድ ብገጥምለት 5.1 ይሆናል?

አይሆንም። አረንጓዴዋን ቀዳዳ ይጠቀማል፣ ሌሎቹ ሁለቱ አቧራ ይጠጣሉ።